የወሰደችውን መለሰች

ቅርጫቱ የመጣው ረቡዕ ጠዋት ነው። ዋይሳኬ ለፈረቃው ሊወጣ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ነጭ የላስቲክ ቦቲውን እያጠለቀ ሳለ፣ ቡ ቫሲቲ ዳገቱን እያለከለኩ ወጥተው ከእግሩ ሥር አስቀመጡለት። ቡ ማለት አያቴ እንደማለት ነው። በዓሣ ማሸጊያው ፋብሪካ የአራተኛው ጠረጴዛ አንጋፋ ናቸውና ከፎርማን እስከ ዘበኛ ሁሉም እንዲሁ ነው የሚጠራቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ቱና የሚሉትን ዓሣ ሲያጸዱ ኖረው አንድም ቀን ወደዚህ ወደ አለቆቹ ሰፈር ወጥተው አያውቁም።

«ምንድነው ቡ? ካሳቫ ነው?»

«ካሳቫ ቢሆንም የሚያንቅህ ካሳቫ ነው» አሉና ዞር ብለው ቁልቁል ወረዱ።

ክዳኑን አነሳው። ከላይ ጥቁር ጃንጥላው ነበር። ከጃንጥላው ሥር ሰማያዊ ፔርሙዙ፣ ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያው፣ የአንድ እግር ነጠላ ጫማው፣ ጆሮው የተሰበረ ኩባያው። ከሁሉም በታች ሦስት ነጭ የፎርማን ቆቦች፣ ታጥበው፣ ተተኩሰው፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርበው። ሁሉም የእሱ ነው፤ ሁሉንም የቀማችው እሱ ፎርማን በሆነበት በአራተኛው ጠረጴዛ ትሠራ የነበረችው ኡናይሲ ናት።

እንግዲህ እሱ የቩኒዋይ ሰው ነው፤ ኡናይሲ ደግሞ የናሶሎ ደሴት ልጅ። ሁለቱ አገሮች ታውቩ ናቸው። ቅድመ አያቶቻቸው አንድ ነበሩ ይባላልና የአንዱ አገር ሰው የሌላውን ቢሰድብ ሰላምታ ነው፤ ቢቀማውም መብቱ ነው። የተሰደበ አይቀየምም። የተቀማም መልስልኝ አይልም፤ ወንድ ከሆነ ሄዶ በተራው ይቀማል። ቀብር ላይ እንኳ ታውቩ መጥቶ በሟቹ ሲቀልድ ለቀስተኛው እንባውን እየጠረገ ይስቃል። አንድ የማይደረግ ነገር ብቻ አለ፤ ታውቩ የወሰደውን አይመልስም። የሚመልስ «ከዛሬ ጀምሮ ባዳ ነን» ያለ ሰው ነው።

ኡናይሲ አራት ዓመት ሙሉ ስትቀማው ኖራለች። ዝናብ በመጣ ቁጥር እሷ በእሱ ጃንጥላ ሥር እየዘፈነች ታልፋለች፤ እሱ የሚያገለድመው ሱሉ ከጭኑ ላይ ተጣብቆ፣ እንደ በሰበሰ ዶሮ ሆኖ፣ ከኋላዋ እየተራገመ ይከተላል። በሕይወቱ ከዚያ የበለጠ ደስ ያለው ጊዜ አልነበረም።

ከቅርጫቱ ግርጌ ደብዳቤ አገኘ። የእጅ ጽሑፏ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ የተጠነቀቀ ነበር።

«ክቡር አቶ ዋይሳኬ፣ በሥራ ዘመኔ ስላደረጉልኝ ሁሉ አመሰግናለሁ። ከእርስዎ የወሰድኳቸውን ዕቃዎች በሙሉ መልሻለሁ። የረሳሁት ካለ ለቡ ቫሲቲ ይንገሩልኝ። ዓርብ በምትነሣው መርከብ ወደ ናሶሎ እሄዳለሁ። አክባሪዎ ኡናይሲ።»

አክባሪዎ። «አንተ የዓሣ ራስ» ሳትለው ውላ የማታውቀው ልጅ፣ አክባሪዎ። ዋይሳኬ አንድ እግሩን ቦቲ ውስጥ ከትቶ፣ አንዱን ባዶውን አንጠልጥሎ፣ የፈረቃው ፊሽካ እስኪነፋ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። እንዲህ ያለ ብርድ በዚያ ሞቃት አገር ተሰምቶት አያውቅም።

*

ነገሩ የጀመረው በሳቅ ነው።

ፋብሪካው ከከሳ ቆይቷል። መርከቦቹ ዓሣቸውን ወደ ሌላ ወደብ መውሰድ ከጀመሩ ሁለት ዓመት አልፏል፤ ሁለት ፈረቃ የነበረው አንድ ሆኗል፤ ከስድስቱ የማብሰያ ምድጃዎች ሦስቱ ዝገዋል። ሚስተር ሃርግሬቭ የተባለ አዲስ ሥራ አስኪያጅ ከፈረንጅ አገር፣ ከብሪዝበን መጣ። ፀሐይ ያቃጠለው ረጅም ሰው ነው፤ ማስታወሻ ደብተር ይዞ በጠረጴዛዎቹ መሃል ሲመላለስ ይውላል። አንድ ቀን አራተኛው ጠረጴዛ ጋ ቆመና ዋይሳኬን «እዚህ ጠረጴዛ ላይ ቀርፋፋው ማነው?» ብሎ ጠየቀው።

ኡናይሲ አጠገባቸው ነበረች። ሌላዋ አንድ ዓሣ ስታጸዳ እሷ ሁለት ታጸዳለች፤ ይህንን ጠረጴዛው ሁሉ ያውቃል። ዋይሳኬ በዓይኑ ጥግ አያት። እሷም ቢላዋዋን አቁማ «እስቲ ምን ልትል ነው» በሚል ዓይን አየችው። ያንን ዓይን አይቶ ዝም የሚል የቩኒዋይ ሰው አልተወለደም።

«ይህቺ ናታ! ይህቺ የናሶሎ ልጅ! ቢላዋ ጨብጣ ነው የምታንቀላፋው። አንድ ዓሣ እስክትጨርስ ባሕሩ ይደርቃል!»

«አትስሙት ጌታዬ» አለች ኡናይሲ፣ ዓይኗን ከዋይሳኬ ሳትነቅል። «የቩኒዋይ ሰው መቁጠር የሚችለው እስከ አሥር ነው። ጫማውን ካወለቀ ግን እስከ ሃያ ይደርሳል።»

ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ። ሚስተር ሃርግሬቭም ፈገግ አለ፤ ፈገግ እንዳለም ደብተሩ ላይ ጻፈ። ለቅነሳ ስም እየተሰበሰበ መሆኑን ያን ጊዜ ማንም አያውቅም ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ዋይሳኬ አፋፉን ያየው ከወደቀ በኋላ ነው።

ዝርዝሩ ሲመጣ አርባ ሁለት ሰው ነበረበት። ስሙን እንዲያነቡ የታዘዙት ፎርማኖቹ ናቸው፣ እያንዳንዱ በየጠረጴዛው። ዋይሳኬ ወረቀቱን አስቀድሞ እንዲያየው እንኳ አልተሰጠውም። አራት ስም አነበበ፤ አራት ሴቶች ሽርጣቸውን ፈቱ። አምስተኛውን ሁለት ጊዜ አየው።

«ኡናይሲ።»

ሴቶቹ ሳቁ። በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሃል ሳቁ፤ የተቀነሱት ሳይቀሩ። ታውቩ ቀብር ላይ ይቀልድ የለ? እንግዲህ ልማዱን አደረሰ ብለው ነው። ከሁሉም በላይ የሳቀችው ኡናይሲ ናት። «ቀጥሎ ያንተን አንብበው፣ የዓሣ ራስ!» አለችው። ከዚያ ፊቱን አየች። ጥርስ ባዳ ነው፤ ሳቋ ወዲያው አልጠፋም፣ ዓይኗ ግን ቀድሟት አዘነ።

ዋይሳኬ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሳያንኳኳ ገባ።

«ቀልድ ነበር!»

«ራስህ ነህ የነገርከኝ። ጽፌዋለሁ» አለ ሚስተር ሃርግሬቭ።

«ታውቩዬ ናት! እኛ እንዲህ ነው የምንነጋገረው። ከመላው ጠረጴዛ ፈጣኗ እሷ ናት!»

ሰውዬው ክፉ ሰው አልነበረም። ግንባሩን በእጁ ያዘ። «ቁጥሩ ሱቫ ዋናው መሥሪያ ቤት ሄዷል። ከአራተኛው ጠረጴዛ አምስት ሰው ነው። እሷ ትትረፍ ካልክ በሷ ቦታ አንድ ስም ስጠኝ። አሁኑኑ።»

የቢሮው የመስኮት መስተዋት ወደ ጠረጴዛዎቹ ያሳያል። ዋይሳኬ ዞሮ አየ። ባሏ ታሞ የተኛባትን ሊቲያን አየ። ቡ ቫሲቲን አየ። ባለፈው ወር የተዳረችውን ሳላኒዬታን አየ። አፉን ከፈተ። አፉን ዘጋ። ወጣ።

በሩ ላይ ኡናይሲን አገኛት፤ ቢላዋዋን በጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች። ምን ይበላት? ጉሮሮው ውስጥ አራት ዓመት የተጠራቀመ ፍቅር ነበር፤ ሁልጊዜ በስድብ ጠቅልሎ ነበርና የሚያወጣው፣ ዛሬ መጠቅለያው ጠፋበት። «እግዜር ይርዳሽ፣ እህት» አላት።

ጨርቁን አጥብቃ ጠቀለለች። «አሜን፣ አቶ ዋይሳኬ» አለችና ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ሳምንት ሆነ። አራተኛው ጠረጴዛ እየዘፈነ የሚሠራ ጠረጴዛ ነበር፤ አሁን ቢላዋ ብቻ ነው የሚሰማው። የቀሩት ዓሣውን የሚያጸዱት ከሄዱት ሰርቀው እንደወሰዱት ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን የተቀነሱት በግራ፣ የቀሩት በቀኝ መቀመጥ ጀመሩ፤ ማንም አላዘዛቸውም። ዋይሳኬ የት እንደሚቀመጥ ስለጠፋው ከበሩ ውጭ ቆሞ ይሰማል። ወደ ኡናይሲ ለመሄድ በየቀኑ ይነሣል፤ በየቀኑ መንገድ ላይ እፍረት ያስቆመዋል። ሲነሣና ሲቆም ቅርጫቱ ቀደመው።

*

ሐሙስ ከፈረቃ በኋላ አጎቱ ቤት ሄዶ የዓሣ ነባሪ ጥርስ ተዋሰ። በዚያ አገር ከዚህ የሚከብድ የይቅርታ ዕቃ የለም፤ ደም ያፈሰሰ ሰው እንኳ በእሱ ይታረቃል። ጥርሱን በንጹሕ ጨርቅ ይዞ ኡናይሲ ወደምታድርበት ወደ ቡ ቫሲቲ ቤት ወረደ።

ኡናይሲ በሩን ከፈተችለት። ከስታለች። ፀጉሯ ላይ ሁልጊዜ የምትሰካው ቀይ አበባ የለም።

«ይግቡ» አለችውና ወንበር አመጣችለት።

ቤቱ ውስጥ የነበረው አንድ ወንበር ነው፤ ለፓስተርና ለመንግሥት ሰው የሚወጣ። ቤተኛ ምንጣፍ ላይ ነው የሚቀመጠው። ዋይሳኬ ወንበሩን ሲያይ በጥፊ የተመታ ያህል ተሰማው። እሷ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ከመጋረጃው ጀርባ ገባች።

ምንጣፉ ላይ ተንበርክኮ ጥርሱን ከቡ ቫሲቲ ፊት አስቀመጠ። የተዘጋጀበትን ንግግር ሊጀምር አፉን ሲከፍት አሮጊቷ እጃቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ፣ እሳት እንደሚሸሽ ሰው።

«አንሳልኝ ይሄን ነገር!»

«ቡ፣ ጥፋቴን—»

«ስማ፣ አንተ የቩኒዋይ ግንድ። እኔም የናሶሎ ልጅ ነኝ። ይሄን ጥርስ ከነካሁ ይቅርታህን ተቀበልኩ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ይቅርታ የሚጠያየቀው ደግሞ ባዳ ከባዳ ነው። በታውቩ መሃል ጥፋት የለም። ጥፋት አለ ካልክ ታውቩ የለም። ታዲያ የቱን ይዘህ ነው የመጣኸው?»

ዋይሳኬ ዓይኑን ወደ መጋረጃው ላከ። ከጀርባው ኡናይሲ እንደምትሰማ ያውቃል።

«ታዲያ ምን ላድርግ ቡ?»

«እኔ ምን አውቄ? ሠላሳ አንድ ዓመት ዓሣ ነው ያጸዳሁት፤ ያውም በበረዶ ውሃ።» ከዚያ ድምፃቸው ለስለስ አለ። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ ልጄ። በጥርስም አይታሽም። ምላስህ ከተተህ፤ ምላስህ ያውጣህ።»

ጥርሱን ይዞ ወጣ። መንገዱን ሁሉ፣ ሲወጣ መጋረጃው ሲነቃነቅ ያየ እየመሰለው ሄደ፤ ወይም እንዲነቃነቅ ስለተመኘ ይሆናል።

*

ዓርብ መርከቧ የምትነሣው በምሳ ሰዓት ነው። ዋይሳኬ የምሳውን ፊሽካ እንኳ አልጠበቀም። በቦቲው፣ በነጭ ቆቡ፣ ቱና ቱና እየሸተተ ወደ ወደቡ ሮጠ።

ኡናይሲ የተጠቀለለ ምንጣፏ ላይ ተቀምጣለች። ዙሪያዋን የሚሄዱ ሰዎች ነበሩ፤ ግማሾቹ እንደሷ የተቀነሱ። እሱን ሲያዩ ወሬያቸውን አቆሙ።

«ደህና ዋሉ» አለችው።

ሌሊቱን ሲያወጣና ሲያወርድ ያደረው ስድብ ሁሉ ጠፋበት። የቀረው እውነቱ ብቻ ነበር።

«ያን ዕለት ቢሮው ገብቼ ነበር» አላት። «ቀልድ ነው አልኩት። እንግዲያው በሷ ቦታ ሌላ ስም ስጠኝ አለኝ። በመስተዋቱ አየኋቸው። ሊቲያን፣ ቡን፣ ሁሉንም። አንድ ስም ብጠራ አንቺ ትቀሪ ነበር። አልጠራሁም፣ ኡናይሲ። ላስቀርሽ እየቻልኩ ነው የሄድሽው። ይቅር በይኝ ልልሽ አልመጣሁም፤ ከእኔ ሳትሰሚው እንዳትሄጂ ነው።»

ባሕሩን አየች። የምንጣፏን ገመድ አጠበቀች።

«እኔን ያቃጠለኝ መቀነሴ መሰለህ?» አለች። «ስሜን ስትጠራ ሳቅኩ። ሰው ሁሉ ፊት ሳቅኩ። ከዚያ በሩ ላይ ጠብቄህ ነበር። 'ሂጂልን፣ ዓሣው ተገላገለ' ብትለኝ አልቅሼም ስቄም ቤቴ እገባ ነበር። አንተ ግን 'እግዜር ይርዳሽ፣ እህት' አልከኝ። እህት! ለቅሶ ሊደርስ እንደመጣ የሩቅ ጎረቤት! እኔ ሥራዬን አይደለም ያን ቀን የቀበርኩት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጃንጥላህን ይዤ በር በሩን አየሁ። መጥተህ ትቀማኛለህ ብዬ።»

«ስድቡ አለቀብኝ» አለ ዋይሳኬ። እንባው በጉንጩ ወረደ፤ አላበሰውም። «አንቺን እያጣሁ ምን ብዬ ልሳደብ?»

መርከቧ ጮኸች። ሰዎች ጓዛቸውን ማንሣት ጀመሩ። ኡናይሲ አልተነሣችም።

«የሊቲያን ስም ብትጠራ ኖሮ» አለች ቀስ ብላ «በቢላዋዬ እንደ ቱና አጸዳህ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ዝም በል፤ አልጨረስኩም።» ብድግ አለች። ዓይኗ ውስጥ የሆነ ነገር ሲበራ አየ፤ የሚያውቀው፣ ሦስት ሳምንት የተራበው ነገር። ድምፅዋን ስትለቀው ወደቡ ሁሉ ዞረ። «አንተ የዓሣ ራስ! አንተ ቆርቆሮ የጠበበህ ሰርዲን! ለዓለም ሁሉ ስድብ ሲተርፍህ ኖረህ ለአንድ ፈረንጅ የምትነግረው ስም ጠፋብህ?»

«ጠፋብኝ!» አለ ዋይሳኬ፣ እያለቀሰና እየሳቀ።

«አውልቅ።»

«ምኑን?»

«ቦቲውን ነዋ! ስንት ነገር አለህ?»

ወደብ ላይ፣ ሰው ሁሉ ፊት፣ በአንድ እግሩ እየዘለለ አወለቀ። ሁለቱንም ከእጁ መነጨቀችና ብብቷ ሥር ወሸቀቻቸው። ወደ ባዶ እግሮቹ ጎንበስ ብላ አየች።

«ይኸው፣ አሁን እስከ ሃያ ትቆጥራለህ።»

ከተቀነሱት መሃል አንዱ ሽማግሌ ፍርፍር ብሎ ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ኡናይሲ ምንጣፏን በጭንቅላቷ፣ ቦቲውን በብብቷ አድርጋ መሰላሉን ወጣች። ላይ ደርሳ ዞረች።

«ከፈለግከው ናሶሎ መጥተህ ቀማኝ! አባቴ በር ላይ ነው የሚቀመጠው፤ እሱም ታውቩህ ነው፤ ሱሉህን አጥብቀህ እሰር!»

«ኡናይሲ!» ብሎ ጮኸ። አራት ዓመት የደበቀው፣ እናቱ እንዳትሰማ፣ የአለቆቹ ሰፈር እንዳይሰማ የደበቀው ነገር በአንድ ጊዜ ወጣ። «እኔ የምፈልገው ቦቲውን አይደለም!»

«እሱንማ ከመጀመሪያዋ ጃንጥላ ጀምሮ አውቀዋለሁ!» ብላ መለሰችለት፤ ፊቷን ግን በቦቲው ሸፈነችው።

*

ፋብሪካው ሲመለስ የከሰዓቱ ሥራ ከጀመረ ሩብ ሰዓት አልፏል። ወለሉ የበረዶ ውሃ ነው፤ ያለ ቦቲ የመጣ ሠራተኛ ወዲያው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሕጉን ግድግዳው ላይ የለጠፈው ራሱ ዋይሳኬ ነው። ባዶ እግሩን ጭብ ጭብ እያደረገ ወደ አራተኛው ጠረጴዛ ሄደ። ቢላዋዎቹ አንድ በአንድ ቆሙ። የአምስቱ ሴቶች ቦታ ባዶ ነበር፤ ሽርጣቸው እንደተሰቀለ ነው።

ቡ ቫሲቲ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው እግሩን አዩ። ጣቶቹን አንድ በአንድ አዩ።

«ያለ ቦቲ መግባት ክልክል ነው» አሉ። «ማን ነበር እንዲህ የሚለው?»

«እኔ ነኝ፣ ቡ።»

«ታዲያ ቦቲህስ?»

«ታውቩዬ ቀማችኝ።»

ቡ ቫሲቲ መነጽራቸውን መልሰው ወደ ላይ አደረጉ። ከዚያ ሊቲያ አፏን በጓንቷ ያዘች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ሳላኒዬታ ተከተለቻት። ሳቁ ከጠረጴዛው ጫፍ እስከ ጫፍ ሲሄድ ቡ ቫሲቲ ቢላዋቸውን ጥለው፣ ወደ ባዶዎቹ ቦታዎች እያዩ፣ በአንድ ጊዜ ሳቁም አለቀሱም። የሄዱት አልተመለሱም፤ የዛገው ምድጃም አልነደደም። ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ በዚያ ጠረጴዛ የሰው ድምፅ ተሰማ።

«ናሶሎ የምትሄደው ቀጣይዋ መርከብ ማክሰኞ ናት» አሉ አሮጊቷ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «እስከዚያ ቦቲ ላበድርህ?»

«አይሆንም ቡ» አለ ዋይሳኬ። እግሩ ከብርዱ የተነሣ ቀልቷል፤ ፊቱ ላይ ግን ያ አራት ዓመት በዝናብ ሲደበደብ የነበረው ሰው ደስታ ተመልሶ ነበር። «በባዶ እግሬ ነው የምሄደው። ሌላ ቦቲ አድርጌ ብታየኝ እሱንም ትቀማኛለች።»